መጠጥ ጥም ይቆርጣልን?



ጠዋት ጠዋት ወደ መድኃኒት መደብራችን ከሚመጡት መካከል ሲጠጡ ያመሹ ሰዎች አይጠፉም። የሚጠይቁት የራስ ምታት ክኒን ቢሆንም አስቀድመው ውኃ ይለምናሉ። አንዱ «ሌሊቱን ሙሉ ስጠጣ አድሬ እንዴት ይጠማኛል?» ብሎኛል። መልሱ እነሆ።

አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ የውኃን ሚዛን የሚጠብቅ ድንቅ ሥርዓት አኑሯል። ደማችን ውስጥ ያለው ጨው በጥቂቱ ከፍ ሲል ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ያውቃል። ያን ጊዜ ጥም ይሰማናል፤ ቫሶፕሬሲን የተባለ ሆርሞንም ወደ ደም ይለቀቃል። የሆርሞኑ ሥራ ኩላሊት ውኃውን በሽንት ከማፍሰስ ይልቅ ወደ ደም እንዲመልስ ማድረግ ነው። አልኮል ግን ይህ ሆርሞን እንዳይለቀቅ ያፍነዋል። ጠጪው ደጋግሞ የሚሸናውና ነግቶ የሚጠማው ስለዚህ ነው።

ለረጅም ጊዜ ሲጠጣስ? ተመራማሪዎች ይህንን በአይጦች ላይ አጥንተዋል። ለወራት አልኮል ሲሰጣቸው በቆዩ አይጦች አንጎል ውስጥ ቫሶፕሬሲን የሚሠሩት ህዋሳት ቁጥር ቀንሶ ተገኝቷል። የተረፉት ህዋሳት የሌሎቹንም ሥራ ደርበው ስለሚሠሩ ከመጠናቸው በላይ ገዝፈዋል። አልኮሉ ከተቋረጠ በኋላም የሞቱት ህዋሳት አልተተኩም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ የአይጥ ጥናት ደግሞ ጉበትም በጉዳዩ እንዳለበት አሳይቷል። አልኮል ሲገባ ጉበት «ኤፍ ጂ ኤፍ 21» የተባለ ሆርሞን በማመንጨት እንስሳው ውኃ እንዲፈልግ ይገፋፋዋል። ይህ ሆርሞን የሌላቸው አይጦች ግን አልኮል ቢወስዱም ተጨማሪ ውኃ አልጠጡም። በአይጥ የታየ ሁሉ እንዳለ በሰው ላይ ይደርሳል ማለት ባይቻልም፣ ቫሶፕሬሲንም ሆነ ይህ የጉበት ሆርሞን በሰውም ውስጥ አሉ።

እንግዲህ ኸምር ፈሳሽ ቢሆንም ጥም አይቆርጥም፤ ይልቁንም ጥምን የሚቆጣጠረውን ሥርዓት ያውካል።

በቤታችሁ በዚህ የተፈተነ ወንድም ወይም አባት ካለ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ፓራሲታሞል ጉበትን፣ አስፕሪን ደግሞ ጨጓራን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳታማክሩ አትስጡት። ሁለተኛ፣ ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ተውበት አድርጎ ለማቆም ሲወስን ውሳኔውን ሳያዘገይ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በአንድ ጊዜ ማቋረጥ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊያመጣ፣ ሕይወትንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። በሐኪም ክትትል ግን በሰላም ማቆም ይቻላል።

ወላሁ አዕለም።