በዕጣ የወጣውን ቤት ስለ መፈለግ

በአንድ አጥቢያ የልማት ሥራ ከመጀመሩ አስቀድሞ የቤት ለቤት መጠይቅ ይካሄዳል። በዚህ ጊዜ «በዕጣ የወጣው አባወራ ከሌለ ጎረቤቱ ቢጠየቅስ?» የሚል ሐሳብ ከኮሚቴ አባላት ይነሣል። ሐሳቡ ከቅንነት የመነጨ ቢሆንም ጥናቱን ያዛባል።

ከ180 ቤቶች 20 የሚመረጡ ቢሆን፣ በመጀመሪያ የየጎጡ ቤቶች አንድም ሳይቀር ይመዘገባሉ። ቀጥሎ ከ1 እስከ 9 ባሉት ቁጥሮች ዕጣ ይጣላል። 4 ቢወጣ 4ኛው፣ 13ኛው፣ 22ኛው እያለ በየዘጠኙ ይቀጥላል። ዕጣ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም፤ ማትያስም ከሐዋርያት ጋር የተቆጠረው በዕጣ ነው (ሐዋ. 1፥26)። ዕጣ ቅርብና ሩቅ፣ ባለጠጋና ድኻ አይለይም።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በጉና ተራራ ዙሪያ ግን ዕጣ የወጣለትን ሰው ማግኘት ያደክማል። ቤቶቹ በየሸንተረሩ ተበታትነዋል፤ በክረምት ጭጋግና የወንዝ ሙላት መንገድ ይዘጋሉ፤ በአጨዳ ወራት ገበሬው ማልዶ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል። ከመንገድ ዳር ያሉት ብቻ ቢጠየቁ «ውኃ ቅርብ ነው» የሚል መልስ ይሰበሰባል፤ ከሩቅ ምንጭ የምትቀዳው እናት ድካም ከመዝገብ ይቀራል።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ645 የቆጠራ ቦታዎች ከየቦታው 28 ቤተሰቦች ተመረጡ፤ የተመረጠውን በሌላ መተካት አልተፈቀደም። ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች 98 በመቶው መልስ ሰጡ። ሊጠየቁ ከሚገባቸው ሴቶች 95 በመቶው ሲገኙ፣ ከወንዶች ግን የተገኙት 86 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቤቱ ተገኘ ማለት ተጠያቂው ተገኘ ማለት አይደለም።

መፍትሔው ተመልሶ መሄድ ነው። በ12፣ በ21፣ በ27 እና በ29 ገበሬው ሥራ ስለማይወጣ ከቅዳሴ በኋላ በቤቱ ሊገኝ ይችላል። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የተሰበሰበውን ብቻ መጠየቅ ግን አይገባም፤ ሕመምተኛው፣ አራሷና እረኛው በዚያ የሉም።

ስለዚህ ከአጥቢያ ኮሚቴና ከካህናት አባቶች የሚጠበቀው ይህ ነው፦ በጥግ የተጠጋችውን መበለት ጨምሮ የሁሉንም ቤት ዝርዝር መስጠት፤ ሰው ቤቱ የሚገኝበትን ሰዓት መጠቆም፤ መጠይቁ የእርዳታ ምዝገባ አለመሆኑን ለምእመናን ማስረዳት፤ ጠያቂውን ከደጅ አድርሶ መመለስ። በካህን ፊት ሁሉም ሰው ችግሩን ገልጦ አይናገርምና። ምርጫውን ግን ለዕጣው እንተውለት።