የሥራ ማስታወቂያ ሲወጣ፦ በሰነድ ስህተት ዕድል እንዳያመልጥ

ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦ፣ ሱሉልታ በፍቼ መውጫ መንገዶች ላይ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት እነዚህ አካባቢዎች ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ያሉባቸው በመሆናቸው፣ ከገጠር ቀበሌዎች ጭምር በርካታ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ይመጡባቸዋል። ይሁን እንጂ አመልካች በችሎታው ከመመዘኑ አስቀድሞ በሰነዱ ይለያል። በዚህ ደረጃ የሚፈጠር ግድፈት ለትራንስፖርትና ለፎቶ ኮፒ የወጣውን ገንዘብ ከንቱ ከማድረጉም በላይ ለፈተና የመቅረብ ዕድልን ያሳጣል።

የመመዝገቢያ ቀን

በርካታ ማስታወቂያዎች «ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት ውስጥ» በማለት ጊዜውን ይወስናሉ። ቆጠራው የሚጀምረው አመልካቹ ማስታወቂያውን ካየበት ቀን አይደለም። ሐሙስ የወጣ ማስታወቂያ፣ ዕለቱ ራሱ ከተቆጠረና ቅዳሜ የሥራ ቀን ካልሆነ፣ ረቡዕ ያበቃል፤ ቅዳሜ በሚሠራ ድርጅት ግን ማክሰኞ ሊዘጋ ይችላል። በቴሌግራም የሚዘዋወር ማስታወቂያ ዘግይቶ ሊደርስ ስለሚችል መጀመሪያ የወጣበትን ቀን ማጣራት ያስፈልጋል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ከቀኑ 10፡00» ማለት አመሻሽ ሲሆን፣ በውጭ አቆጣጠር የተጻፈ 10፡00 ግን ከጠዋቱ 4፡00 ሊሆን ይችላል።

ስምና ዘመን

በአካባቢው ጎልቶ የሚታየው ችግር የስም አጻጻፍ ልዩነት ነው። «ጫልቱ» የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ «ሲ» በተባለው ፊደል ብቻ ይጀምራል፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን «ሲ» እና «ኤች» ይጣመራሉ። መታወቂያው በቁቤ፣ ዲፕሎማው በእንግሊዝኛ ከተጻፈ፣ መዝጋቢው ሰነዶቹ የአንድ ሰው መሆናቸውን ሊጠራጠር ይችላል። የስም እርማት ጊዜ ስለሚወስድ፣ ማስታወቂያ ሳይጠበቅ ሰነዱን ለሰጠው አካል አስቀድሞ ማመልከት ይበጃል።

የትምህርት ማጠናቀቂያ ዘመንም ከነአቆጣጠሩ መጻፍ አለበት። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር የተመረቀው በ2020 ነው። ሁለቱን ማደባለቅ የሥራ ልምድ ስሌትን ያዛባል።

ከምዝገባ በፊት

ማስታወቂያው «ዋናውንና የማይመለስ ኮፒ» ካለ ሁለቱም መቅረብ አለባቸው። ለቴክኒክና ሙያ ምሩቃን የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ተጠይቆ እንደሆነ ማየትም ይገባል። የሥራ ልምድ ማስረጃ የሥራ መደቡን፣ የተጀመረበትንና ያበቃበትን ቀን፣ ፊርማና ማኅተም መያዙ ይጣራ፤ ከግል ድርጅት ለተገኘ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ የሚጠይቁ መሥሪያ ቤቶች አሉ። «0 ዓመት» የሚል መደብ ልምድ ለሌላቸው ምሩቃን ክፍት ነው። በማመልከቻው ላይ የመደቡን መጠሪያ ልክ እንደ ማስታወቂያው መጻፍና የሚሠራ ስልክ ቁጥር መስጠትም አይዘነጋ።

ለምዝገባ ገንዘብ ሲጠየቅ ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል አገልግሎቱን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። በመሆኑም አመልካቾች ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ክፍት መደቡ መኖሩን በአካል ወደ ድርጅቱ ሄደው ወይም በድርጅቱ ስልክ ደውለው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።