ውሻው ሠለጠነ፤ ጌታውስ?

አንድ ወዳጄ ውሻውን ከሥልጠና የተቀበለ ዕለት ድግስ ነበር የቀረው። ግቢያቸው ገርጂ አካባቢ ነው። በክረምቱ ሌባ አጥር ዘሎ ገብቶ፣ ከተሰጣ ልብስ እስከ ጋዝ ሲሊንደር ጠራርጎ ወስዶባቸው ነበርና "ከእንግዲህስ ውሻ ነው የሚያዋጣን" ብሎ አንድ የጀርመን ሸፐርድ ቡችላ ገዛ። ስሙንም ጃክ አለው። ጃክ 8 ወር ሲሞላው ደግሞ አሠልጣኝ ነኝ ለሚል ሰው አስረከበው። ውሉ ጃክ እዚያው አሠልጣኙ ዘንድ እያደረ 2 ወር ተምሮ እንዲመለስ ነው። ክፍያው? የወዳጄን የ2 ወር ደመወዝ ጥርግ አድርጎ በላ!

በርክክቡ ዕለት እኔም ነበርኩ። አሠልጣኙ "ሲት!" ሲል ጃክ ቁጭ፤ "ዳውን!" ሲል ልጥፍ። ክንዱ ላይ ወፍራም ጨርቅ የጠመጠመውን ረዳት ዘሎ ያዘው፤ "አውት!" ሲባል ለቀቀው። አጨበጨብንለት። ወዳጄ ደረቱን ነፋ።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ነገሩ ተበላሸ። እናትየው "ተነስ ከዚህ!" ቢሉት ጃክ ወይ ፍንክች! ወዳጄ ራሱ "ና" እያለ ቢለማመጠው ጆሮም አልሰጠው። ለካ ጃክ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ከአንድ ሰው አፍ። "ፈረንጅ አምጥተህ እማማ ላይ ጣልክባቸው" እያልን ስንስቅበት ከረምን።

ሳቁ የቆመው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የ9 ዓመቱ የጎረቤት ልጅ ኳሱን ሊያነሳ በተከፈተው በር ሮጦ ገባ። ጃክ የተማረውን አደረገ፤ ክንዱን ያዘው። ወዳጄ "ተው! ልቀቅ! አንተ!" እያለ ጮኸ። ጃክ ግን የሚያውቀው "ተው"ን አይደለም። "አውት" የምትለዋ ቃል ለወዳጄ ትዝ ያለችው ልጁ ሐኪም ቤት ከገባ በኋላ ነው።

ልጁ ተርፏል፤ ክንዱ ላይ ግን ጠባሳው አለ። የጃክ የክትባት ወረቀት ስላልተገኘ ልጁ በተከታታይ መርፌ ተወጋ። ሽማግሌ ተላከ፣ የሕክምና ወጪ ተከፈለ፣ በ2 ቤቶች መካከል የነበረው ቡና መጠራራት ግን እስከ ዛሬ ቆሟል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ውሻን በራስ እጅ ማሠልጠን ወይስ ለባለሙያ መስጠት?

"ሰውየውን ነው ማስተማር የሚከብደው"

ይህንኑ ጥያቄ ይዤ በውሻ ሥልጠና ብዙ ዓመት የሠሩ አንድ ጎልማሳ ዘንድ ሄድኩ። ስቀው "ውሻውን እኔ አስተምረዋለሁ፣ ይኼ ቀላል ነው። ሰውየውን ነው ማስተማር የሚከብደው" አሉኝ። ውሻ ትምህርቱን የሚይዘው ከቦታው፣ ከድምፁና ከሰውየው ጋር አያይዞ ነው። አሠልጣኙ ግቢ ውስጥ የታዘዘ ውሻ እናንተ ግቢ ሲመጣ እንደገና መለማመድ አለበት። ያለማመደው ሰው ከሌለ ደግሞ ጃክን ይሆናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 1928 አንድ ሞሪስ ፍራንክ የሚባል አሜሪካዊ ዓይነ ስውር ወጣት መሪ ውሻ ፍለጋ እስከ ስዊዘርላንድ ድረስ ሄዶ ነበር። ውሻዋ እዚያ በባለሙያ ሠልጥናለች። ይሁን እንጂ "እንካ፣ ውሰዳት" ብለው አልሸኙትም። እሱም ከእሷ ጋር ለሳምንታት ሠለጠነ። አገሩ ተመልሶም በ1929 ዓይነ ስውራን ከውሾቻቸው ጋር የሚሠለጥኑበት ድርጅት ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። ዛሬም የመሪ ውሻ ድርጅቶች ውሻውንና ሰውየውን አንድ ላይ ያሠለጥናሉ። ዓይኑን ለውሻ አደራ የሚሰጥ ሰው ይህን ያህል ከተማረ፣ ግቢውን አደራ የሚሰጠውስ?

በራስ እጅ የሚሆነው

ጉለሌ አካባቢ የምትኖር አንዲት ወጣት ደግሞ አለች። ውሻዋ የፈረንጅ ዘር አይደለም፤ ከመንገድ ያነሳችው የአበሻ ቡችላ ነው። አሠልጣኝ የምትቀጥርበት ፈረንካ አልነበራትም። ጠዋት 10 ደቂቃ፣ ማታ 10 ደቂቃ፣ በእጇ ቁራሽ ዳቦ ወይም የተቀቀለ ሳንባ ይዛ "ና"፣ "ቁጭ በል"፣ "ቆይ"፣ "ተው" የሚሉትን 4 ቃላት አስተማረችው። ምስጢሯ ምን መሰላችሁ? ልክ እንደታዘዛት ወዲያው ትሸልመዋለች። ሽልማቱ ከዘገየ ውሻው ለምን እንደተሸለመ አይገባውም። ጠርታው ሲመጣ ደግሞ መትታው አታውቅም። "ና" ተብሎ መጥቶ የተመታ ውሻ ሁለተኛ አይመጣማ!

ሌላም ነገር በደህና ጊዜ ሠርታለች። ቡችላ ዓለምን የሚላመድበት ዋናው ወቅት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። እሷም ያኔ ከሕፃን፣ ከሽማግሌ፣ ጃንጥላ ከያዘ ሰው፣ ከባጃጅ ድምፅ ጋር አስተዋወቀችው። በዚህ ዕድሜ ሰንሰለት ላይ ታስሮ፣ ወይም "ይክፋልኝ" ተብሎ ጨለማ ውስጥ ተዘግቶ ያደገ ውሻ ጀግና አይሆንም፤ ፈሪ ነው የሚሆነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባና እንግዳ አይለይም፣ ያገኘውን ነው የሚነክሰው።

"ውሻ በበላበት ይጮሃል" እንላለን። እውነት ነው፤ መጮኹን ማንም አያስተምረውም። ማስተማር የሚያስፈልገው ሲበቃ ዝም ማለቱን ነው። ለአብዛኛው የከተማ ግቢ ደግሞ ጮኾ የሚያሳውቅና ሲጠሩት የሚመጣ ውሻ ከበቂ በላይ ነው።

ባለሙያ የግድ የሚሆንበት

ቢሆንም ያቺ ወጣትም ብቻዋን አልተወጣችውም። ውሻዋ ዓመት ሲሞላው የመጣ እንግዳ ላይ ሁሉ መዝለል ጀመረ። ያኔ ቆጥባ አሠልጣኝ ጠራች። ብልጠቷ እዚህ ላይ ነው። ውሻውን አልሰጠችውም፤ አሠልጣኙን በሳምንት 1 ቀን ወደ ግቢዋ አስመጣችው። እናቷም፣ ታናሽ ወንድሟም፣ የቤት ሠራተኛቸውም አብረው ተማሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀማል፤ ያውም በአማርኛ።

መንከስን በሚመለከት ግን ቀልድ የለም። ሰው እንዲይዝ ውሻን በራስ እጅ ማለማመድ የተቀባበለ ሽጉጥ መኝታ ቤት እንደመተው ነው። ውሻው በአካልም በአእምሮም ሳይበስል፣ "ልቀቅ" ሲባል መልቀቁ ሳይረጋገጥ፣ ደህና ባለሙያም አይጀምረውም። ሕፃናት የሚመላለሱበት ግቢ ከሆነ እኔን ከጠየቃችሁኝ ጭራሽ ይቅር።

ከመክፈላችሁ በፊት

አሠልጣኝ ስትፈልጉ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

እኔም አብሬ እማራለሁ ወይ? "አያስፈልግም፣ ሲጨርስ መጥተህ ውሰድ" ካለ ደህና ዋል በሉት።

ከዚህ በፊት ያሠለጠንከውን ውሻ ባለቤቱ ሲያዘው ማየት እችላለሁ? አሠልጣኙ ሲያዘው አይደለም፤ ባለቤቱ ሲያዘው!

ሳይታዘዝ ሲቀር ምን ታደርገዋለህ? መልሱ ዱላና ማስራብ ከሆነ ውሻችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የክትባት ወረቀቱን አምጣ ይላል? ካላለ የሌሎቹም ውሾች አለመከተባቸውን ጠርጥሩ።

በመጨረሻ፣ "ውሻው ነው እንጂ እኔ ምን አደረግኩ?" የምትል ምክንያት ፍርድ ቤት አትሠራም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳው በድንገት አምልጦ ያደረሰው ጉዳት ቢሆን እንኳ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል።

ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ በዚያው ፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። "ቀላል ጭረት ነው" ብሎ መቀመጥ፣ ወይም በባህል መድኃኒት ብቻ መተማመን አይሆንም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል።

ጃክስ? አለ። ወዳጄ አሁን ማታ ማታ 10 ደቂቃ አብሮት ይሠራል፤ በር ሲከፈት ማሰሩንም አይረሳም። "ና" ሲባል መምጣት ጀምሯል። እናትየውን ብቻ ነው እስካሁን እሺ የማይላቸው፤ እሳቸውም በበኩላቸው "ሲት" ማለት ሞተው ይገኛሉ። ወዳጄን በቀደም አግኝቼው "የከፈልከው ገንዘብ አያናድድህም?" አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና "የገንዘቡስ ይሁን፤ ያ ልጅ እስከ ዛሬ በእኛ በር ሲያልፍ መንገድ ይሻገራል" አለኝ።

በቀን 10 ደቂቃ የሌለው ሰው ባለሙያ ከመፈለጉ በፊት ውሻ መያዙን ደግሞ ቢያስብበት ሳይሻል አይቀርም። ቸር እንሰንብት!