ዲሽ ያልሆነው ነጭ ከበሮ

አዲስ አበባ ውስጥ ከቦሌ እስከ ገርጂና ሲኤምሲ ባሉ ሕንፃዎች አናት ላይ ነጭ፣ ክብ፣ ፊቱ የተሸፈነ ከበሮ የሚመስል ነገር ታያላችሁ። ብዙ ሰው «ዲሽ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አይደለም። የቴሌቪዥን ዲሽ ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል፤ ይህኛው ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ ሌላ ሕንፃ ወይም ተራራ ላይ ያለ አቻውን ይመለከታል። የማይክሮዌቭ አንቴና ነው።

ሥራው ድምፅና መረጃን በጠባብ ጨረር ለአቻው ማቀበል ነው። ጨረሩ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ መሬት ደግሞ ስለምትጎብጥ፣ ረጅም መስመር ተራራ ለተራራ እየተቀባበለ መሄድ አለበት። የማይክሮዌቭ ግንኙነት እ.ኤ.አ. በ1931 በእንግሊዟ ዶቨርና በፈረንሳይዋ ካሌ መካከል የእንግሊዝን ሰርጥ ተሻግሮ ታየ። በእኛ አገር የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በነበሩት ዓመታት አውታሩ ሰፍቶ ከኬንያና ከጅቡቲ ጋር ሳይቀር በማይክሮዌቭ ተገናኝተናል። በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ሲገባ አንቴናው ከተራራ ወርዶ ጣሪያችን ላይ ወጣ። በቦሌ በኩል የአየር ማረፊያው ቅርበት ቁመትን ስለሚገድብ ረጅም ማማ ማቆም አይቻልም፤ ስለዚህ ጣሪያው ራሱ ማማ ሆኗል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ሁለቱ አንቴናዎች ከተያዩ ይበቃል የሚለው እምነት ስህተት ነው። አንድ ጊዜ ቦሌ ውስጥ ጣሪያ ላይ አንድ የሕንፃ ባለቤትና አንድ ቴክኒሻን ሲነጋገሩ ሰማሁ። ባለቤቱ አዲስ የውሃ ሮቶ አስቀምጠዋል። «ይኸው ከጎኑ ይታያል እኮ!» አሉ ወደ ማዶው አንቴና እያመለከቱ። ቴክኒሻኑም በትሕትና «ጋሼ፣ ማየቱ አይበቃም» አላቸው።

ትክክል ነበር። ሞገዱ የሚሄደው እንደ ክር ቀጥኖ አይደለም፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ቀጭን፣ መሃሉ ላይ ወፍራም የሆነ አካል አለው። ባለሙያዎች የፍሬኔል ዞን ይሉታል። አራት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በ15 ጊጋኸርዝ ሲሠራ፣ መሃል ላይ ከመስመሩ በየአቅጣጫው አራት ሜትር ተኩል ያህል ይሰፋል። ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 2 ሜትር ከ70 ያህሉ፣ ንጹሕ መሆን አለበት። በ7 ጊጋኸርዝ 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መስመር ደግሞ መሃሉ ላይ ከ20 ሜትር በላይ ይሰፋል። እንግዲህ መስመሩን በቀጥታ ሳይነካ አጠገቡ የበቀለ ፎቅ፣ ሮቶ ወይም የማስታወቂያ ሰሌዳ ግንኙነቱን ሊያዳክመው ይችላል። ዓይን ክፍት ያለው አየር ለሞገዱ ዝግ ሊሆን ይችላል። ቦሌ ውስጥ በየዓመቱ ስንት ፎቅ እንደሚጨመር ስታስቡ፣ መስመሮቹን ክፍት አድርገው የሚያቆዩት መሐንዲሶች ምን ያህል እንደሚደክሙ ይገባችኋል።

ክረምትም የራሱ ጣጣ አለው። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ ያለውን ሞገድ ከባድ ዝናብ ያዳክመዋል፤ የከተማ ውስጥ መስመሮች አጭር የሚደረጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ፋይበር እያለ ይኼ ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይበጠሳል፤ አየርን ግን ቁፋሮ አይነካውም።

ስለዚህ ሕንፃ ያላችሁ ሰዎች፣ ጣሪያ ላይ ሮቶ ከማስቀመጣችሁ፣ ሰሌዳ ከማቆማችሁ ወይም አንድ ፎቅ ከመጨመራችሁ በፊት ነጩ ከበሮ ወዴት እንደሚያይ ተመልከቱ። ስለ ፊት ለፊቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ግራ ቀኙም፣ ስለ ላይ ታቹም የአንቴናውን ባለቤት ድርጅት ጠይቃችሁ ተነሡ።