ዘብ ያጣው የመብራት ማማ

ከጁባ፣ ከአትላባራ ሠፈር ባሕሩ ሩቅ ነው። በነጭ ዓባይ ቁልቁል ወደ ቦር የሚጓዝ ጀልባ የመብራት ማማ አያጋጥመውም። ሆኖም የሌሊት ዘብ የቆመ ወታደርም ሆነ ጀልባ ቀዛፊ የመብራትን ዋጋ ያውቃልና፣ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ጠረፍ፣ በኮሮላ መንደር ስለ ተፈጸመው በጎ ተግባር ልናወሳ ወደድን።

የከሪታክ ማማ የተለኮሰው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። አንድ ሚሊዮን ያህል ጡብ ወጥቶበታል፤ መርከበኞች ከሌሎቹ ማማዎች እንዲለዩት ቀለም ሳይቀባ ቀይ እንደ ሆነ ቀርቷል። በ1930ዎቹ መጨረሻ መብራቱ ያለ ሰው እጅ መሥራት ሲጀምር ጠባቂዎቹ ሄዱ። መኖሪያ ቤታቸው በርና መስኮት አልባ ሆነ፤ የውስጥ እንጨቱንም አጥፊዎች ሰባበሩት።

በ1980 የአካባቢው ተቆርቋሪዎች በፈቃዳቸው ማኅበር አቋቁመው ቤቱን ከግዛቱ መንግሥት በኪራይ ተረከቡ። ጥገናውን ከማማው ሳይሆን ከመኖሪያ ቤቱ መጀመራቸው ብልህነት ነው እንላለን፤ ማማውን ብቻውን ያስቀረው የሰው መራቅ ነበርና። በ1990 ማማው ለጎብኚ ተከፈተ። 220 ደረጃዎችን የሚወጣው ሰው የሚከፍለውም ገንዘብ ለጥገናው ይውላል። በ2003 ባለቤትነቱ ለማኅበሩ ሲተላለፍ ከአውራጃው አስተዳደር ጋር ክርክር ተነሥቶ እንደ ነበር መሸሸግ አይገባም። ጥንታዊው የመብራቱ መስተዋት ግን ዛሬም በየ20 ሴኮንዱ ብልጭ ይላል።