ቤትዎን በመርፌና በክር

በብዙዎቻችን ቤት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ የተቀመጠ አንድ የጥልፍ ሥራ አይጠፋም። እናት ወይም አክስት በተማሪነታቸው፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የጀመሩት የትራስ ልብስ ሊሆን ይችላል፤ ጥጉ ላይ ጽጌረዳ፣ መሐሉ ላይ የሚተያዩ ሁለት ርግቦች ያሉበት። አበባና ወፍ የጥልፍ የቆዩ ደንበኞች ናቸው። በዚህ ወር ልናወራዎት የፈለግነው ግን በዚያው መርፌና ክር ስለሚሠራ ሌላ ነገር ነው። ቤትን፣ ግቢን፣ ሰፈርንና ተራራን በጨርቅ ላይ ስለ መጥለፍ።

“ፎቶ እያለ ለምን ልድከም?” ይሉ ይሆናል። ስልክዎ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ፤ ያደጉበት ቤት ፎቶ ግን ስንት ነው? አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ከልደት ኬክ ወይም ከሙሽሮች ጀርባ በከፊል ብቅ ያለ ግድግዳ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በፍጥነት እየተለወጠች ነው፤ ፒያሳ ላይ በልጅነታችን ያለፍንባቸው ብዙ ቤቶች ዛሬ የሉም። አንድን ቤት በክር ለመሥራት ሲነሡ ፎቶው ያልያዘውን ሁሉ ማወቅ ግድ ይሆንብዎታል። የመስኮቱ መዝጊያ አረንጓዴ ነበር ወይስ ሰማያዊ? ደረጃው ሦስት ነበር ወይስ አራት? የሎሚው ዛፍ ከበሩ በስተግራ ነበር ወይስ በስተቀኝ? ይህን የሚነግሩዎት አያትዎ ወይም ታላቅ እህትዎ ናቸው። በአንድ በር ቀለም ቤተሰቡ ሲከራከር ሊያመሽ ይችላል። ጥልፉ ሊቆይ ይችላል፤ ጥያቄው ግን የሚያስታውሱት ሰዎች እያሉ ቢጠየቅ ይሻላል።

በክር ሕንፃ መሣል አዲስ ነገር አይደለም። በፈረንሳይ አገር ባዩ በምትባል ከተማ የሚታወቀው፣ ወደ 70 ሜትር የሚረዝመው ጥልፍ ከ900 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን የያዘበትን ታሪክ በተልባ እግር ጨርቅ ላይ በሱፍ ክር ይተርካል። በፈረሶቹና በመርከቦቹ መካከል ቤተ መንግሥቶች፣ ምሽጎችና ቤተ ክርስቲያኖች ተጠልፈዋል። በለንደን የሚገኘው የዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ አንድ ሰው የነፋስ አቅጣጫ የሚያሳየውን አውራ ዶሮ ሲተክል ይታያል፤ ሕንፃው ገና ተሠርቶ ማለቁን የሚናገር ምልክት ተደርጎ ይታያል። ልብ ይበሉ፣ በዚያ ጥልፍ ላይ ሰዎቹ ከቤቶቹ ጋር ሲነጻጸሩ ከልክ በላይ ትልልቅ ናቸው። ልኩ አልተጠበቀም ብሎ የሚነቅፈው ሰው ግን የለም። እርስዎም በማስመሪያ አይጨነቁ።

ለመጀመሪያ ሥራ ቤቱን ከፊት ለፊት የሚያሳይ ፎቶ ይምረጡ። ከጎን የተነሣ ፎቶ ጣሪያውንም ግድግዳውንም ስለሚያዘነብል ጀማሪን ያደክማል። ፊት ለፊት ከሆነ ግን የግድግዳው መስመር የጨርቁን ድርና ማግ ተከትሎ ቀጥ ይላል። ጨርቁ አቡጀዲ ቢሆን ይበቃል። አስቀድመው ይጠቡት፤ ሳይታጠብ የተጠለፈ አቡጀዲ በኋላ ተሰብስቦ ቤትዎን ያጣምመዋል። ደማቅ ነጭነቱን ካልወደዱት ቀዝቀዝ ባለ የሻይ ውኃ ነክረው ያድርቁት፤ የአሮጌ ግድግዳ ቀለም ያወጣል። ፎቶውን በሚፈልጉት መጠን አሳትመው፣ በካርቦን ወረቀት ዋና ዋና መስመሮቹን ብቻ ያስተላልፉ። ከዚያም ጨርቁን በክብ መወጠሪያ እንደ ከበሮ ይወጥሩት።

የተለመደው የጥልፍ ክር ስድስት ቀጫጭን ክሮች ተጣምረው የተሠራ ነው። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፤ ስድስቱን አንድ ላይ አይጠቀሙ። ለመስኮት ፍርግርግና ለኤሌክትሪክ ሽቦ አንዷን ብቻ ነጥለው ያውጡ፤ ለግድግዳው ማዕዘን ሁለት፣ ፊት ለፊት ላለው አጥር ሦስት። ክሩን ከክንድዎ ርዝመት አያስበልጡ፤ ረጅም ክር እየተቋጠረ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ቀይና ጥቁር ክር ቀለሙን እንዳይለቅ ደግሞ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽተው ይሞክሩት።

አሁን ወደ ቤቱ። የጭቃ ግድግዳን ሙሉ በሙሉ በክር መሙላት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያበላሸዋል። ጨርቁን ባዶውን ይተዉትና ልስኑ በተላጠበት ቦታ ብቻ፣ ጭዱ እንዲታይ አጫጭር ስፌቶችን ወዲያና ወዲህ ይበትኑ። የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ የእያንዳንዱን ድንጋይ ዙሪያ ብቻ፣ መርፌውን ወደ ኋላ እየመለሱ በሚሰፋው ስፌት ይክበቡ። የጎንደርን የፋሲል ግንብ ለመሥራት የሚያስቡም በዚሁ መንገድ ይሂዱ፤ በሮቹንና መስኮቶቹን የከበበውን ቀላ ያለ ድንጋይ በሌላ ቀለም መለየትን ግን እንዳይረሱ፤ ያለ እርሱ ግንቡ ግንብ አይመስልም።

ቆርቆሮ ጣሪያ የዚህ ሥራ ደስታ ነው ብንል አላጋነንንም። ከጣሪያው ጫፍ እስከ ታች ረጃጅም ክሮችን ጎን ለጎን ይዘርጉ፤ አንዱን ግራጫ፣ ቀጣዩን ጠቆር ያለ ግራጫ፣ አልፎ አልፎ የዝገት ቡናማ። የቆርቆሮው ሞገድ በራሱ ይወጣል። ረጅም ክር ግን ልቅ ስለሚሆን በየነገሩ ይያዛል። ስለዚህ በላዩ ላይ አግድም ክር አሳልፈው በትንንሽ ስፌት ያጥብቁት። የባዩ ጠላፊዎች ሰፋፊ ቦታዎችን የሞሉት በዚሁ ዘዴ ነበር። ዝገቱን ደግሞ አይዝለሉት። ዝገት የሌለው አሮጌ ጣሪያ የማን ቤት እንደሆነ አይታወቅም።

መልክዓ ምድር ሌላ ዓይን ይጠይቃል። እንጦጦ ላይ ቆመው ወደ ሩቅ ቢመለከቱ የሩቁ ተራራ ሰማያዊ እንጂ አረንጓዴ አይደለም። ክርዎም ይህን ይከተል፤ ለሩቁ በአንድ ቀጭን ክር ፈዛዛ ሰማያዊና ግራጫ፣ ለመካከለኛው ደብዛዛ አረንጓዴ፣ ለቅርቡ በሦስት ክር ደማቅና ሞቅ ያለ ቀለም። የጤፍ ማሳ ነፋስ ወዳጋደለበት አቅጣጫ የተዘነበሉ አጫጭር ስፌቶች ነው። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ አንድ መስመርና የተንጠለጠሉ ጠባብ ቅጠሎች። አደይ አበባ ከሆነ ክሩን መርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው ወደ ውስጥ ሲስቡት የምትቀር ቢጫ ቋጠሮ ትበቃለች፤ መስክ ለመሙላት ግን ብዙ ምሽት ያስፈልጋል።

ልጆች ካሉ ጆንያ ቁራጭ፣ ጫፉ ያልሾለ ወፍራም መርፌና የሹራብ ክር ይስጧቸው። የአያታቸውን ቤት ራሳቸው ይሣሉት፣ ራሳቸው ይጥለፉት። በሩ ከጣሪያው በልጦ ቢወጣም አያርሙት።

በቤቱ ላይ አንድ የዚያን ዘመን ምልክት ያኑሩ፤ እንደ ዌስትሚንስተሩ አውራ ዶሮ ተካይ። በረንዳው ላይ የተቀመጠ የቡና ረከቦት፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ነጠላ፣ ጥግ የቆመ የውኃ ሮቶ ሊሆን ይችላል። ቤቱ መቼ እንደነበረ የሚናገረው ይህ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፊቱን ወደ ታች አድርገው ወፍራም ፎጣ ላይ ከጀርባው ይተኩሱት፤ ቋጠሮዎቹ አይጨፈለቁም። ካርቶን ላይ ወጥረው ጠርዙን ከጀርባ በክር እየሳቡ ያጥብቁት። መስታወት ካስገቡበት ክሩን እንዳይነካው ክፍተት ይተዉ፤ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ላይም አይስቀሉት፤ ቀለሙን ይበላዋል። ከጀርባው በነጭ ጨርቅ ላይ የሰፈሩን ስም፣ የነዋሪዎቹን ስምና የቤት ቁጥሩን ጠልፈው ይስፉበት። በእስክሪብቶ አይጻፉት፤ ቀለሙ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ይሰርጋል።