የሊንከን ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን፤ ከሥነ ጽሑፍ አንጻር

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ታዋቂ ምሩቃን ሲዘረዘሩ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው ስም፣ ማዕርግና ዓመት ነው። ዝርዝሩ ለትምህርት ቤቱ መኩሪያ ይሆን እንደሆነ እንጂ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሚነግረው ጥቂት ነው። እኔ እዚህ የማነሣው በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ግዛት የሚገኘውን የሊንከን ዩኒቨርሲቲን ነው። የመረጥሁትም የጥቁር አሜሪካውያን ባለቅኔዎችና የአፍሪካ የነፃነት መሪዎች በአንድ ግቢ ስለተማሩበትና የአንዱን ወገን ሥራ ያለ ሌላው ታሪክ መረዳት ስለሚያስቸግር ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርት ቤቱ በ1854 ሲቋቋም ስሙ አሽመን ኢንስቲትዩት ነበር። መሥራቾቹ ጆን ሚለር ዲኪ የተባሉ የፕሬስቢቴሪያን ቄስና ባለቤታቸው ሣራ ኤምለን ክሬሰን ናቸው። አሽመን የሚለው ስም የላይቤሪያን ሰፈራ ከመሩት ከጁሁዲ አሽመን የተወሰደ ሲሆን፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ለአፍሪካ የሚላኩ ጥቁር ሰባክያንን ማሠልጠን ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ምሩቃንም ወደ ላይቤሪያ የተሻገሩ አሉ። ፕሬዚዳንት ሊንከን ከተገደሉ በኋላ፣ በ1866፣ የአሁኑን ስሙን ያዘ። ላይቤሪያ የሚለውን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከምሩቃኑ ሁሉ በሥነ ጽሑፍ ስሙ የገነነው ላንግስተን ሂዩዝ ነው። ይሁን እንጂ ሊንከን ሂዩዝን ባለቅኔ አደረገው ማለት አይቻልም። በ1926 ሲገባ የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፉ ታትሞለታል፤ ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ ወጥቷል፤ በመርከብ ሠራተኛነት ምዕራብ አፍሪካን አይቷል፤ ፓሪስ ውስጥ በምሽት ክበብ ወጥ ቤት ሠርቷል። ታዲያ ትምህርት ቤቱ ምን ሰጠው? አንደኛ ጊዜ ሰጠው። በ1930 የታተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዱን ረቂቅ የጻፈው ተማሪ ሳለ ነው። ሁለተኛው ግን፣ በእኔ አስተያየት የሚበልጠው፣ አንድ መራራ ጥያቄ ነው።

በዚያን ጊዜ የሊንከን ተማሪዎች ጥቁሮች፣ መምህራኑ ግን ነጮች ነበሩ። ሂዩዝ በ1929 ለሶሲዮሎጂ ትምህርት ጥናት ሲያደርግ የላይኛው ክፍል ተማሪዎችን በዚህ ጉዳይ ጠየቃቸው። 63 በመቶ የሚሆኑት ጥቁር መምህር እንዲቀጠርላቸው አልፈለጉም። በ1940 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ይህን ሲተርክ ድንጋጤውን አይሸሽግም። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፣ ሂዩዝ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1926፣ በአንድ መጽሔት ላይ ባወጣው ዝነኛ ሂሳዊ መጣጥፉ፣ «የጥቁር ሳይሆን እንዲያው ባለቅኔ ልባል» የሚል ወጣት በውስጡ ነጭ የመሆን ምኞት እንዳለው መከራከሩን ነው። መጣጥፉ በሐሳብ ያቀረበውን፣ ጥናቱ በቁጥር አገኘው። ለዚህ ነው የሂዩዝን ግጥሞች ቀላል፣ የጎዳና ቋንቋ የበዛባቸው እያሉ ማጣጣል ተገቢ የማይመስለኝ። ያን ቋንቋ የመረጠው ሌላ ስለማያውቅ አልነበረም፤ የራሱን ወገን ቃል ለመማሪያነት የማይበቃ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አብረውት ይማሩ ስለነበር ጭምር ነው።

በ1930 የተመረቁት ተርጉድ ማርሻልም መጀመሪያ ከብዙኃኑ ጋር ነበሩ። በኋላ ግን ሐሳባቸውን ለወጡ። በ1954 በትምህርት ቤቶች የዘር ልዩነትን ሕገ ወጥ ያሰኘውን ክርክር መርተው የረቱ፣ በ1967ም የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በጥቁር ፕሬዚዳንት መመራት የጀመረው በ1945 ሲሆን፣ ተሿሚው ሆራስ ማን ቦንድ የቤቱ ልጅ ነበሩ።

ከቦንድ ጋር በ1923 የተመረቀው ሜልቪን ቶልሰን ከሂዩዝ በአጻጻፍ ፈጽሞ የተለየ ነው። ግጥሙ በታሪክ፣ በባዕድ ቋንቋና በጥቅስ የታጨቀ ስለሆነ ብዙ አንባቢ ሸሽቶታል። የቅኔ ቤትን ለዛ ለሚያውቅ ግን ይህ ነውር አይደለም፤ ምሥጢሩን ለማግኘት መድከም ከጣዕሙ ይቆጠራል። ቶልሰን በ1947 የላይቤሪያ ባለቅኔ ተብሎ ተሾመ፤ በ1953ም ስለዚያች አገር ረጅም ግጥም አሳተመ። ክፍሎቹ በዜማ ድምፆች ስም የተሰየሙ ናቸው፤ ማብራሪያውንም ራሱ ጽፎ ከኋላ አያይዞታል። በግጥሙ ውስጥ ጁሁዲ አሽመን በስሙ ተጠርቷል። ይህን ስም የትምህርት ቤቱን አመሠራረት ሳያውቅ የሚያልፍ አንባቢ፣ ባለቅኔው የሥራውን አገርና የተማረበትን ቤት በአንድ ቃል ማሰሩን አያይም።

ከአፍሪካ ከመጡት ውስጥ ናምዲ አዚኪዌ በ1930 ተመርቀው አክራ ላይ ጋዜጣ አዘጋጁ። የእሳቸው ምሳሌነት ክዋሜ ንክሩማህን ወደ ሊንከን መራቸው። ንክሩማህ በ1935 ወደ አሜሪካ ሲጓዙ ሎንዶን ላይ ያዩት የጋዜጣ ማስታወቂያ ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን መውረሩን የሚያበሥር ነበር። ያን ጊዜ የሎንዶን ከተማ በሙሉ በእሳቸው ላይ ጦርነት ያወጀ ያህል እንደተሰማቸው በግለ ታሪካቸው ገልጸዋል። ከሊንከን የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት በ1939 ነው። በዚያው በ1935 ሂዩዝም ስለ ኢትዮጵያ ግጥም ጽፏል። እነዚህን ግጥሞች ስናስተምር ለብቻቸው የቆሙ የአዘኔታ ጩኸቶች አድርገን ባናያቸው ይሻላል፤ አንድ ቤት ያፈራቸው ሰዎች በአንድ ዓመት፣ በሁለት አህጉር የተነኩበት ጉዳይ ነው።

አዚኪዌ በ1960 የናይጄሪያ ጠቅላይ ገዢ ሆነው ሲሾሙ ሂዩዝ በእንግድነት ተጠርቶ ሌጎስ ተገኝቶ ነበር። አዚኪዌም የሹመት ንግግራቸውን የደመደሙት በሂዩዝ ግጥም ነው።